ሁላችንም ሃርድ ወርከር

ኢትዮጵያ ውስጥ ሰነፍ ሰው የለም። የሚጠራጠር ካለ ለአንድ ክፍት የሥራ መደብ የገቡ ሲቪዎችን ቁጭ ብሎ ያገላብጥ። አመልካቹ አንድም ሳይቀር «ሃርድ ወርከር» ነው፤ «ቲም ፕሌየር» ነው፤ «አንደር ፕሬዠር» ይሠራል፤ ሰዓት ያከብራል፤ አዲስ ነገር ለመማር ይጓጓል። ማመልከቻው ከዳንግላ ይምጣ ከድሬዳዋ፣ ለሒሳብ ሠራተኛነት ይሁን ለንብረት ክፍል፣ ዐረፍተ ነገሮቹ ሥጋ ዘመዳሞች ናቸው። ቃለ መጠይቁ ላይ ሲደረስም የሚነገረው ይኸው ነው። እንዲህ ከሆነ አንድ የማይፈታ እንቆቅልሽ ይቀራል፦ ይህ ሁሉ ትጉህ ሰው ተቀጥሮ በተቀመጠበት አገር፣ ባለጉዳዩን «ኃላፊው የሉም፣ ነገ ብቅ በል» እያለ የሚመልሰው ማን ነው?

በዚህ ጉዳይ የሚሰጠው የተለመደ ምክር ሰዋስው ላይ ያተኩራል። «ዲስከስ» ካልክ በኋላ «አባውት» አትጨምር፤ «ግራጁኤትድ» ስትል «ፍሮም»ን አትርሳ፤ ጠያቂው «ኢንተርቪወር»፣ ተጠያቂው «ኢንተርቪዊ» ነውና ወንበራቸውን አታለዋውጥ፤ ደብዳቤህን ስትዘጋ «ሉክ ፎርዋርድ ቱ ሂሪንግ» እንጂ «ቱ ሂር» አትበል፤ በገዛ ስምህ ላይ ራስህ «ሚስተር» አትቀጥል። ምክሩ ስህተት የለበትም። ነገር ግን «ዲስከስ አባውት» በማለቱ ብቻ ሥራ ያመለጠው ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ፤ ጠያቂውም ብዙ ጊዜ እንደዚያው ነው የሚለው። የእኔ ክርክር ሌላ ነው። አንድ የእንግሊዝኛ ሐረግ በቃለ መጠይቅ ላይ በትክክል ሥራ ላይ ዋለ የሚባለው ቃላቱ ተራቸውን ጠብቀው ስለተሰለፉ ሳይሆን፣ «እስቲ አስረዳ» ሲባል የሚጠራ ምስክር ሲኖረው ነው። ሰዋስው ያልጎደለው ባዶ ሐረግ ከተንጋደደ እውነት ይብሳል። የተንጋደደውን ጠያቂው በጆሮው ያቃናዋል፤ ባዶውን ግን ምን ያድርገው?

የሐረጎቹ መራቢያ ቦታ ይታወቃል። ዳንግላ ሆነ እንጅባራ፣ ባሕር ዳር ሆነ አራት ኪሎ፣ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ባለበት ሁሉ ኮምፒውተሩ ውስጥ አንድ ሲቪ ቁጭ ብሎ ደንበኛ ይጠብቃል። የመጀመሪያ ባለቤቱ ማን እንደነበር የሚያስታውስ የለም። አዲስ ሰው ሲመጣ ስም፣ የትውልድ ቀንና ስልክ ቁጥር ይቀየርና ጠባዩ እንዳለ ይተላለፋል፤ የቀድሞው ሰው የጋብቻ ሁኔታ ሳይነካ ከቀረ ደግሞ እጮኛ የሌለው ልጅ ባለትዳር ሆኖ ይወጣል። ነገሩ የሙሽራ ሱፍ ኪራይ ነው፤ መቶ ሰው ለብሶታል፣ ለአንዱም አልተለካም፣ ፎቶው ላይ ግን ያምራል። ከገጹ ግርጌ «ከላይ የሰፈረው ሁሉ እውነት መሆኑን አረጋግጣለሁ» የሚል ቃል በእንግሊዝኛ አለ፤ እሱም ከሲቪው ጋር አብሮ የመጣ ነው፤ ፊርማ ያርፍበታል። በሐሰት ከመማል ይልቅ ሙግቱን መሸነፍ የሚመርጥ ሰው በነበረበት አገር፣ መሐላ እንዲህ ከፎቶ ኮፒ ዋጋ ጋር ተደምሮ ሲሸጥ ማየት ይገርማል። ጸሐፊውን መውቀስ ግን ግፍ ነው፤ እሱ የተጠየቀውን ነው የሚሸጠው። በፍርድ ቤት ደጅ ጥላ ሥር ተቀምጦ አቤቱታ የሚጽፈው ራፖር ጸሐፊም የራሱ ያረጁ ሐረጎች አሉት። ልዩነቱ፣ ራፖር ጸሐፊው ብዕሩን ከማንሳቱ በፊት «ምን ሆነህ ነው?» ብሎ ይጠይቃል።

ሐረግ ባዶ መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ገልብጦ ማየት ይበቃል። «ሥራ አልወድም፣ ከሰው ጋር አልስማማም፣ ጫና ሲበዛ እጠፋለሁ» ብሎ የሚያመለክት ሰው በምድር ላይ ከሌለ፣ ተቃራኒውን መናገርም አንዱን አመልካች ከሌላው አይለይም። ሁሉም የሚለው ነገር ማንንም አይገልጽም። በአንጻሩ አንዱ ተነሥቶ «በቀበሌያችን ኅብረት ሥራ ማኅበር ሁለት ክረምት የማዳበሪያ ሥርጭት መዝግቤያለሁ፤ ከመጋዘን የወጣውና ገበሬው የፈረመበት ኩንታል ሳይታረቅ ያደርኩበት ቀን የለም» ቢል፣ ይህን ዐረፍተ ነገር ከጎኑ የተቀመጠው ተፎካካሪ ሊዋሰው አይችልም። በተሰባበረ እንግሊዝኛ ቢለው እንኳ ጠያቂው ሦስት ነገር ይዞ ይቀራል፦ ሰውየው መዝገብ ያውቃል፣ ገበሬ ያውቃል፣ ጉድለት ያስጨንቀዋል። «ሃርድ ወርከር» ለማለት የሞከረው ይህንኑ ነበር፤ ሐረጉ ግን በመሐል ገብቶ ዋጠው።

«ዊክነስህ ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ ሲመጣ ደግሞ ነገሩ ወደ ተውኔትነት ይለወጣል። መልሱ አገር አቀፍ ነው። «ፐርፌክሽኒስት ነኝ»፤ «ሥራ ከጀመርኩ ምግብ እረሳለሁ»፤ «ሰው እምቢ ማለት አልችልም»። ውዳሴ የድክመት ነጠላ ተከናንቦ ይመጣል፣ ጠያቂውም እንዳላወቀ ራሱን ይነቀንቃል። በዚህ ብቻችንን አይደለንም። ጁሊያ ሌቫሺናና ማይክል ካምፒየን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት፣ ሥራ ከሚፈልጉ የአሜሪካ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች መካከል ከመቶ ከ90 በላይ የሚሆኑት በቃለ መጠይቅ ላይ በሆነ መንገድ እንደሚያስመስሉ ተናግረዋል። ማስመሰል ሲባል ከቀላል ማጋነን ጀምሮ እስከ ፍጹም ፈጠራ ያለውን ይጨምራል። ቋንቋው የአፍ መፍቻቸው የሆነ ሰዎች ይህን ያህል ከጨመሩበት፣ ከአውንጊና ከአማርኛ ቀጥሎ በሦስተኛ ቋንቋው የሚፈተነው የአዊ ልጅ ጥቂት ቢጨምር የሚደንቅ አይደለም። የሚደንቀው ሁሉም አንድ ዓይነት ነገር መጨመሩ ነው።

እዚህ ላይ «ታዲያ ቃለ መጠይቅ ራሱ ምን ዋጋ አለው? ሁሉም የሚያውቀው ድራማ ከሆነ ሐረጉን በቃል ሸምድዶ መግባት ነው» የሚል ሰው ይነሣል። ለዚህ መልስ አለ። ፍራንክ ሽሚትና ጆን ሃንተር እ.ኤ.አ. በ1998 የ85 ዓመታት ምርምር ሰብስበው፣ የትኛው መመዘኛ የሠራተኛን የወደፊት ውጤት እንደሚተነብይ አነጻጽረው ነበር። ለሁሉም አመልካች አንድ ዓይነት ጥያቄ ቀርቦ በአንድ ዓይነት መስፈርት የሚታረመው ቃለ መጠይቅ፣ 1 ፍጹም ትንበያ በሚሆንበት መለኪያ 0.51 ሲያገኝ፣ እንደመጣ የሚካሄደው ጨዋታ መሳዩ 0.38 አገኘ። እ.ኤ.አ. በ2022 ፖል ሳኬትና ባልደረቦቹ ስሌቱን ሲከልሱት ቁጥሮቹ ወረድ ብለዋል፤ ሥርዓት ያለው ቃለ መጠይቅ ግን ከዝርዝሩ አናት ላይ ተገኘ። በዚህ ዓይነቱ ቃለ መጠይቅ «ምን ዓይነት ሰው ነህ?» ከሚለው ይልቅ «እንዲህ ያለ ችግር ገጥሞህ ያውቃል? ያን ጊዜ ምን አደረግህ? ከዚያስ?» የሚሉ ጥያቄዎች ይበዛሉ። ለእንዲህ ያለ ጥያቄ በቃል የተሸመደደ ሐረግ ስንቅ አይሆንም፤ «ከዚያስ?» ላይ ያልቃል። ይህን ጥያቄ የማይጠይቅ ኮሚቴ ካለ፣ ባዶውን ሐረግ ያመጣው አመልካቹ ብቻ አይደለም።

ከበድ ያለው ተቃውሞ የባህል ነው። ባህላችን ራስን ማወደስን ይጸየፋል፤ ጨዋ ልጅ «እኔ» አይልም፤ ሥራውን ሌላ ሰው ይናገርለታል፤ ስለዚህ በእንግሊዝኛ ሐረግ መሸፈን ነውርን መሸሸጊያ ነው ይባላል። እውነትም ብዙ ተጠያቂ ብቻውን ያደረገውን ነገር «ሠርተናል፣ አጠናቀናል» ይላል፤ ኮሚቴውም ከእሱ ጋር እነማን እንደነበሩ ሲፈልግ ይውላል። ተቃውሞው ግን የባህላችንን ግማሽ ዘሎ ያልፋል። ፉከራ የማን ነው? ሰው መሐል ብድግ ብሎ፣ ጦሩን ነቅንቆ፣ ራሱን በስሙ ጠርቶ የሚያወድስ ሰው ያለበት አገር ራስን ማወደስን አላውቅም ሊል አይችልም። ያ አገር የሚያውቀው ግን ግዳይ ያለውን ውዳሴ ነው። ፎካሪው የት እንደዋለ፣ ማንን ተከትሎ እንደዘመተ፣ ምን ጥሎ እንደተመለሰ ይናገራል፤ አጠገቡ የዋለው ጓደኛውም ሰምቶ ይመሰክራል ወይም ይስቃል። እንጅባራ ላይ በየዓመቱ ጥር 23 የሚከበረውን የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በዓል የሚያውቅ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ማኅበሩ ከተመሠረተበት ከ1932 ዓ.ም. ወዲህ ሜዳው ላይ የሚታየው ፈረሱና ፈረሰኛው ነው እንጂ «በጣም ጥሩ ጋላቢ ነኝ» የሚል ወረቀት አይደለም። ስለዚህ ጨዋነት የሚከለክለው ያለ ግዳይ መፎከርን ነው። «ሃርድ ወርከር ነኝ» ማለት ደግሞ ያለ ግዳይ መፎከር ነው፤ ለዚያውም በሰው ቋንቋ።

ሌላም የሚያሳፍር ነገር አለ። ጎጃም የቅኔ አገር ነው፤ ዋሸራና ዲማ ጊዮርጊስ ስማቸው የተጠራው በዚህ ነው። በቅኔ ቤት ተማሪው የራሱን ቅኔ ቆጥሮ ይቀርባል፤ ትናንት የተባለ ዛሬ አይደገምም፤ የሌላውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ ያቀረበ ቢኖር መምህሩ ቀርቶ ጓደኞቹ ይነቁበታል። እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት ከመቶ ዓመታት በላይ በቆየበት ምድር፣ የዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ሁሉ አንድ መልስ ይዞ አንድ በር ላይ መሰለፉ ከየት መጣ? ከዘመናዊው ክፍል የመጣ ይመስለኛል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የሚሰጥ ትምህርት፣ ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ደግሞ የማስተማሪያ ቋንቋ አደረገው። በአውንጊ ፊደል የቆጠረ የአዊ ልጅ አማርኛን ተሻግሮ እንግሊዝኛ ላይ ሲደርስ፣ ባዮሎጂውንም ጂኦግራፊውንም በማያዝበት ቋንቋ ይቀበላል። ያልገባውን ነገር በፈተና ለመመለስ ያለው መንገድ አንድ ነው፤ እንዳለ መያዝ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ብዙ ምክንያት አለው፤ ቋንቋውን ከምክንያቶቹ የሚያወጣ ሰው ግን ክፍሉን አይቶት አያውቅም። እናም ያ ተማሪ ቃለ መጠይቁ ፊት ሲቀርብ የሚያደርገው የለመደውን ነው። «ቴል አስ አባውት ዩርሰልፍ» ሲባል ስለ ራሱ የተጻፈ ኖት ይፈልጋል።

የአዊ ከተማዋ ዳንግላ ግን ለእንግሊዝኛ እንግዳ አይደለችም። እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 የእንግሊዝ ቆንስላ ሆኖ ሮበርት ቺዝማን የተቀመጠው እዚሁ ነበር። ሰውየው የጣናን ዳርቻ ዞሯል፣ የዓባይን ሸለቆ ተከትሎ ካርታ ሠርቷል፣ እ.ኤ.አ. በ1936 ደግሞ ስለ ጣናና ስለ ዓባይ የጻፈውን መጽሐፍ ለንደን ላይ አሳትሟል። ለዚህ ጨዋታ የሚጠቅመን ሥራው የተሠራበት መንገድ ነው፤ ካርታ በቅጽል አይሠራም። «ትልቅ ወንዝ» ብሎ ነገር የለም፤ የቱ ገባር፣ ከየት ተነሥቶ፣ የት ይገባል ነው። የአገሩን ሰው እየጠየቀ ነበርና ሥራው ራሱ ቃለ መጠይቅ ነበር ብንል ብዙ አንሳሳትም፤ ያን ጊዜ የመለሰለት ባላገር «ሃርድ ወርከር ነኝ» ብሎ እንዳላስቸገረው ግን እርግጠኛ ነኝ። ወንዙን የቱጋ እንደሚሻገሩት ነው የነገረው። የዛሬው የዳንግላ ሥራ ፈላጊም የሚያውቀው መሻገሪያ አለው፣ ችግሩ ሲቪው ላይ አለማስፈሩ ነው። የቋንቋ ሠንጠረዡ ላይ አማርኛ «ኤክሰለንት»፣ እንግሊዝኛ በሁሉም ረድፍ «ኤክሰለንት» ተብሎ ሲሞላ፣ አውንጊ ቦታ ካጣ ነገሩ ተገልብጧል ማለት ነው። ከገጠር ቀበሌ የመጣች እናት ባንክ መስኮት ላይ ቆማ የምትናገረውን በቋንቋዋ የሚሰማ ሠራተኛ፣ ለዚያ ቅርንጫፍ ከማንኛውም «ኮሙኒኬሽን ስኪል» ይበልጣል። «ኮሙኒኬሽን ስኪል» የሚለው ሐረግ ትክክለኛ ትርጉሙን የሚያገኘው እዚያ መስኮት ላይ ነው።

ቀጣሪውስ? አመልካቹ «እነሱ የጠየቁትን ነው የጻፍኩት» ቢል ምን ሊባል ነው? እውነቱን ነው። ማስታወቂያው ራሱ በባዶ ሐረግ የተሞላ ነው። ቀኑን ሙሉ ቁጥር ከሚደምር ገንዘብ ያዥ «እጅግ የላቀ የመግባባት ችሎታ» ይጠየቃል፤ ዕቃ ከሚያስረክብ ሰው «የአመራር ክህሎት» ይፈለጋል፤ «0 ዓመት የሥራ ልምድ» ተብሎ ተጽፎ ቃለ መጠይቁ ላይ «ከዚህ በፊት የት ሠርተሃል?» ይባላል። ደመወዙ «ማራኪ» ነው ወይም «በድርጅቱ ስኬል መሠረት» ነው፤ ያንን ስኬል አይቶ የተመለሰ ሰው ግን የለም። ቀጣሪ በጉም ከተናገረ አመልካች በጉም ቢመልስ ፍትሕ ነው ማለት ይቻላል። ቢሆንም ፍትሕና ጥቅም ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም። ኮሚቴው በአንድ ቀን ሃያ ሰው ሲያነጋግር ከሰዓት በኋላ ጆሮው ይደክማል፤ አሥራ ዘጠኙ «ቲም ፕሌየር» ካሉ በኋላ ሃያኛው ስለ ኩንታልና ስለ ፊርማ ሲያወራ የሚነቃ ሰው አይጠፋም። ለማስታወቂያው መታዘዝ ካስፈለገ ሐረጉን መጻፍ ይቻላል፤ ምስክሩን ከአጠገቡ ማቆም ነው።

ሰዋስው ምንም አይደለም እያልኩ አይደለም። ሥራው ራሱ እንግሊዝኛ ከሆነ፣ ማለትም ለሚያስተምር፣ ለረጂ ድርጅት ሪፖርት ለሚጽፍ፣ በአየር መንገድ እንግዳ ለሚያስተናግድ፣ ቋንቋው የመሣሪያው አካል ነውና ይፈተንበት። ለሌላው ግን ከሰዋስው ሁሉ አንዱ ይበቃዋል እላለሁ፤ ያለፈውን ጊዜ ከአሁኑ መለየት። «አይ ማኔጅ» እና «አይ ማኔጅድ» በአንድ ፊደል ይለያያሉ፤ አንደኛው ጠባይ ይናገራል፣ ሁለተኛው ሥራ። ማስረጃ የሚኖረው ባለፈው ነገር ላይ ነው። «አይ ዊል» የሚለው ደግሞ እንደ እጮኛ ቃል ነው፤ ደስ ይላል፣ ግን ማንም አይመዘግበውም። «ሰር» የምትለዋንም አልነቅፍም። «እርስዎ»ን የሚያህል ቃል ጥሎ «ዩ» ላይ የወደቀ ሰው፣ ታላቁን አንተ ያለ እየመሰለው በየዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ «ሰር» ቢጨምር አስተዳደጉ ነው፤ ማንንም አትጎዳም።

የቀረችው የመጨረሻዋ ጥያቄ ናት፦ «ኤኒ ኩዌስችን ፎር አስ?» እዚህ ላይ አገሩ በሙሉ «ኖ፣ ታንክ ዩ» ብሎ ተነሥቶ፣ ወንበሩን አስተካክሎ፣ ጀርባውን ላለመስጠት ወደ ኋላ እየተራመደ ይወጣል። በሃያ ደቂቃው ቃለ መጠይቅ ውስጥ ጠያቂው የሚጠየቅባት ብቸኛ ቅጽበት እንዲህ በከንቱ ትሄዳለች። እስካሁን ያልኩት ሁሉ ለአመልካቹ የሚሠራ ከሆነ ለኮሚቴውም መሥራት አለበት፤ ሐረግ ያለው ሁሉ ምስክር ያቅርብ። ስለዚህ ተጠያቂው በትሕትና፣ «ሰር»ን ሳይረሳ፣ በማስታወቂያው ላይ «በስኬሉ መሠረት» የተባለው ደመወዝ ስንት ብር እንደሆነ ይጠይቅ። ሰዋስው ቢሳሳት ግድ የለም፤ ይህች ጥያቄ በየትኛውም እንግሊዝኛ ትገባለች። ሰብሳቢው ቁጥሩን ከተናገሩ ጨዋ መሥሪያ ቤት ተገኝቷል ማለት ነው። «ዊ ዊል ሌት ዩ ኖው» ካሉ ደግሞ፣ ሰዋስዋቸው ትክክል ነው።